ዐይኑን ማን ከደነው?

ማክሰኞ ሊመሽ ሲል በመጠለያው ግቢ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ቡናው በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ፣ በሁለት ረድፍ ሽቦ በታጠረው መስክ ውስጥ አሥራ አንድ የተኩላና የውሻ ድቅሎች እራታቸውን በልተው ተጋድመዋል። የውጭውም የውስጡም በር ተቀርቅሯል። በማብሰያው ዳስ ትልቁ ድስት ታጥቦ ተደፍቷል። አጥንት የሚወቀጥበት ሙቀጫ ከነዘነዘናው ጥግ ይዟል። የእጅ ጋሪው ጎማው ሳይቀር ታጥቦ ግድግዳ ተደግፏል። በቢሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ የዚያን ዕለት የደረሰው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተደርድሯል። የእንስሳት ሐኪሙና የመጠለያው መሥራች ዶክተር ይሄይስ ቦቲ ጫማውን እንዳጠለቀ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ከማሻ በኩል የሚመጣውን ዝናብ ያያል።

ረቡዕ ማለዳ ይኸው ሰው በውስጠኛው አጥር ውስጥ በጀርባው ተዘርግቶ፣ እጅጌው ተቦጫጭቆ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተከስክሶ ተገኘ። ደመና የምትባለው ግራጫ እናት ድቅል አጠገቡ ቆማ ሰው አላስጠጋ ስላለች፣ የቀበሌው ሚሊሺያ በሁለት ጥይት ጣላት።

ዋና ኢንስፔክተር ሰርካዲስ ከባጃጅ ስትወርድ ከደመና ደረት የፈሰሰው ደም ገና አልረጋም ነበር። የቀሩት አሥሩ ድቅሎች ከአጥሩ ጥግ ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ከውጭ ደግሞ ሕዝቡ ገጀራና ድንጋይ ይዞ ሽቦውን ይነቀንቃል።

«ሰው በላዎች!»

«ጨርሱልን! ነገ ልጆቻችንን ነው!»

እነዚህን እንስሳት እዚህ አገር ያመጣቸው የሠፈሩ ሰው አልነበረም። አንድ ባለሀብት ቡናውን ከሌባ ይጠብቁልኛል ብሎ ከባሕር ማዶ አስመጣቸው፤ እርሻው ሲከስር በረሃብ እንዲያልቁ በየጎጇቸው ቆልፎባቸው ሄደ። ዶክተር ይሄይስ ጡረታውን፣ በጎ ፈቃደኞቹም ጉልበታቸውን አዋጥተው ነው ያተረፏቸው። ከተማው ግን «ተኩሎቹ» ይላቸዋል እንጂ ሌላ ስም አልሰጣቸውም።

ኮማንደር ጌታሁን በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከኋላው አምስት ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች አሉ።

«ትእዛዝ ተሰጥቷል ሰርካዲስ። ሰው የበላ አውሬ ውሎ አያድርም።»

«አልበሉትም።»

«ሬሳውን ሳታዪ?»

«ደመናን አይቻታለሁ። አፏ ላይ የሸሚዝ ክር አለ፤ ደም ግን የለም። ያለው ደም የራሷ ነው።»

ኮማንደሩ ወደ ሕዝቡ ተመለከተ። አንድ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ።

«እስከ ቀትር» አለ። «ከዚያ እኔ ባልተኩስ እነሱ ገብተው በገጀራ ይጨርሷቸዋል። የትኛው ይሻላል?»

ሰርካዲስ ጓንቷን አጥልቃ ሁለቱን በሮች አልፋ ገባች። ለብዙ ዓመት አብሯት የሠራውና ዛሬ ከሚሊሺያው ጋር ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ፈንታው ካሜራውን ይዞ ተከተላት።

«ደግሞ ከእግር ልትጀምሪ ነው?» አላት ስትንበረከክ።

«ራሱን ሁሉም ሰው ያይለታል። እግሩን የሚያይለት የለም።»

ዶክተር ይሄይስ ባዶ እግሩን ነበር። ሁለቱ እግሮቹ ገጥመው፣ ቀጥ ብለው ደርቀዋል። በሁለቱም አውራ ጣቶች ዙሪያ ቀጭን ጠፍጣፋ ሰንበር አለ። በቀኙ ጣት ጥፍር ስር የተሰካ ክር አገኘችና በወረንጦ አውጥታ ለብርሃን አሳየችው። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው።

እጆቹ ከእምብርቱ በታች ተነባብረዋል። የግራው በድቅሏ ተጎትቶ ትንሽ ተነሥቷል እንጂ እሱም እንደ ደረቀ ነው። በእጆቹ አውራ ጣቶችም ያው ሰንበር አለ። ክንዱ ላይ ያሉት የጥርስ ቀዳዳዎች ነጭ ናቸው፤ ደም አላፈሰሱም። ሸሚዙ ከላይ ደረቅ ሲሆን ከስር በጭቃ ርሷል። የራስ ቅሉ ከኋላ በአንድ ቦታ፣ የሲኒ ማስቀመጫ በምታህል ክብ፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ የተመታ ነው፤ ፀጉሩና አጥንቱ ተለውሷል። ፈንታው ፊቱን አዞረ።

«የእንስሳ ጥርስ እንዲህ አይሰብርም» አለ።

«አይሰብርም። ፊቱን እየው እስቲ።»

«ምን አለው? የተኛ ነው የሚመስለው።»

«እንዲህ ተፈልጦ የሞተ ሰው ዐይኑ ተከድኖ፣ አፉ ተገጥሞ አይተህ ታውቃለህ?»

ፈንታው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«ሚሊሺያውንና አንተን ልጠይቅ» አለች። «ዐይኑን የከደናችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ማንም አልነካውም። እምላለሁ።»

«እንግዲያው ጥያቄያችን እሱ ነው።»

*

ከሟቹ ሌላ ወደ አጥሩ የሚገቡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእነሱ ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ሥጋ ነጋዴው ሀይደር ነበር። በየማለዳው ከልኳንዳው ቁርጥራጭና አጥንት በነጻ የሚያመጣ፣ ከወራቤ መጥቶ እዚሁ ወልዶ የከበደ ሰው ነው። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደም በጉንጩ ይወርዳል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ድንጋይ። የወረወረውን እንኳ አውቀዋለሁ፤ የትናንት ደንበኛዬ ነው። ሁለት ኪሎ ገዝቶ ሦስት አጥንት አስጨምሮ የሄደ! ምን አለ ድንጋዩን ትንሽ ቢያሳንሰው?» ደሙን በመዳፉ ጠረገ። ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ። «ኢንስፔክተር፣ ከእኔ ሥጋ ባትገዢም ታውቂኛለሽ። ይህን ሰው ወንድሜ ነበር የምለው።»

«ስትደርስ ያየኸውን ንገረኝ።»

«ዝናቡ አባርቷል። የውጭውን በር ከፈትኩ፣ ወደ ውስጠኛው ስጠጋ ደመና እጅጌውን ነክሳ ትጎትተዋለች። ወላሂ፣ እንደሚበላ አውሬ አልነበረችም። እንደሚቀሰቅስ ሰው ነው።»

«የውስጠኛው በር ክፍት ነበር?»

«ኧረ ተቀርቅሮ! መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። እዚህ የሚሠራ ሰው ገብቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚማረው ያንን ነው፤ አንዱን ሳትዘጋ ሌላውን አትከፍትም፣ ስትወጣ ትቀረቅራለህ። እጃችን ሳናስበው ነው የሚዘጋው።»

«ዐይኑስ?»

«ተከድኗል።» ድንገት ቀና አለ። «ለካ! እኔም ልቤ ላይ የቀረው እሱ ነው።»

«እናንተ ሰው ሲሞትባችሁ እጁን እንዴት ታደርጋላችሁ?»

«በጎንና በጎኑ እንዘረጋለን። ምነው?»

«ቁስልህን ታጠብ» አለችው።

ሁለተኛዋ ፋና ነበረች። የዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ረዳት ስትሆን፣ በጎ ፈቃደኞቹን በቴሌግራም የምታስተባብረው እሷ ናት። ጃኬቷ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ እንደ ሐዘን ወጉ ለብሳለች።

«ሊገድሏቸው ነው አይደል? እውነቱን ንገሪኝ።»

«እስከ ቀትር ጊዜ አለን። ስለ ትናንት ንገሪኝ።»

«ክትባቱ ደረሰ። ዶክተር ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ አለቀሱ። ‹ነገ ሁሉንም እንከትባለን፤ ዛሬ ግን አንድ ሸክም ከላዬ አወርዳለሁ› አሉኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ‹መጀመሪያ መስማት ያለበት ሰው አለ› አሉ።»

«ከዚያ?»

«እኔ ዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ነበረኝ፣ ሄድኩ። እዚህ የቀሩት አቶ ታፈሰና እትዬ ሸዋነሽ ናቸው።»

«ሬሳ ገንዘሽ ታውቂያለሽ?»

ፋና ክው አለች። «እኔ? እኔ አስከሬን አይቼም አላውቅ። ሐሴት የሞተች ቀን እንኳ ከደጅ ነው ቆሜ የዋልኩት።»

«ሐሴት ማን ናት?»

«የእትዬ ሸዋነሽ ልጅ። አብራን እዚህ ታገለግል ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ገደላት።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከእኛው እንስሳ አንዱ ጣቷን ነክሷት ነበር፤ ግን የኛዎቹ የተከተቡ ናቸው። የመንደር ውሻ ልሷት ነው የሚሆነው አሉ። ውሃ ባየች ቁጥር ጉሮሮዋ ይታነቅ ነበር። አልጋው ላይ አስረዋት ነው የሞተችው። እናቷ ግን መጠለያውን አልተወችም፤ ‹ልጄ የምትወዳቸው ናቸው› ብላ ምግባቸውን ትሠራለች። በቅርቡ ሙት ዓመቷ ሲወጣ ሁላችንም አዋጥተን ጥቁሯን አስወለቅናት፤ አዲስ ነጠላ ገዛንላት። ጥለቱን የመረጡት ዶክተር ናቸው።»

*

ታፈሰ የቀድሞው የእርሻው ጥበቃ ነው። ባለሀብቱ ጥሎ ሲሄድ እንስሳቱን ትቶ ያልሄደ እሱ ብቻ ነበር። ግራ እጁ እስከ ክንዱ በጄሶ ታስሯል።

«ምን ነካዎት?»

«ከቀፎ ላይ ወደቅሁ። ማር ልቆርጥ ወጥቼ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት መጠበቅ ትቻለሁ፤ ትናንትም በጊዜ ነው የሄድኩት። ባልተውኩ ኖሮ…»

በቢሮው ነበር የሚነጋገሩት። ሰርካዲስ እሱ ሲናገር ዐይኑን ተከተለች። ዐይኑ ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፤ ጥግ ወዳለው ማቀዝቀዣ ግን አንድም ጊዜ አልሄደም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ ከጉልበቱ አጠገብ ሆኖ ይጮኻል።

«አቶ ታፈሰ፣ ማቀዝቀዣው ምን አድርጎዎት ነው?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ውጭ አምስት ጠመንጃ አለ» አለችው። «ቡችላ ሆነው ያሳደጓቸው ናቸው። ዛሬ የሚሸሽጉት ነገር ካለ ለማን ብለው ነው የሚሸሽጉት?»

ጄሶውን በቀኝ እጁ አቅፎ ተቀመጠ። ሲናገር የሚያየው ወደ መሬት ነው።

«ካቻምና ክረምት መብራት ጠፋ። ብዙ ቀን ነው የጠፋው። ያንን ከፍቼ ስዳስሰው ጠርሙሶቹ እንደ ጠላ ሞቀዋል። ‹ዶክተር፣ መድኃኒቱ ሞቋል› አልኳቸው። ‹ዝም በል፤ ተበላሸ ካልን መጠለያውን ይዘጉታል› አሉኝ። በዚያው ከተቧቸው። በኋላ ሐሴት ስትነከስ ሐኪም ቤት ልትሄድ ብላ ነበር። ‹አያስፈልግም፣ የተከተበ ነው› ያሏት እሳቸው ናቸው። የነከሳት ወንዱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እባብ ነደፈው ተባለ። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ኢንስፔክተር፣ አፉ አረፋ ነበረው።»

«ለማንም አልተናገሩም?»

«ማንን ላድን? ልጅቱ ሞታለች። እነዚህ ይሙቱ?» እንባው ጄሶው ላይ ጠብ አለ።

ሰርካዲስ ተነሥታ ወደ ማብሰያው ዳስ ሄደች።

ሸዋነሽ ድስቱን ጥዳ የበቆሎ ገንፎ ታማስላለች። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። በእድሯ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ያለ እሷ አይሆንም ይባላል።

«በዚህ ሰዓትም ያበስላሉ?»

«እንስሳ ሐዘን አያውቅም ልጄ። ይርበዋል።»

ሰርካዲስ ዳሱን ቃኘች። ሙቀጫው ጥግ ይዟል፣ ባዶውን። የእጅ ጋሪው ግድግዳ ተደግፏል፤ ጎማው ቀይ ጭቃ ለብሷል። ከምድጃው ውስጥ ከፍልጡ መሃል፣ አንድ ድቡልቡል እንጨት ጫፉ ወጥቷል። ለዓመታት እጅ ያሻሸው፣ እንደ ቀንድ የሚያብለጨልጭ እንጨት ነው። በደጃፉ ጎን የዶክተሩ ቦቲ ጎን ለጎን፣ አፍንጫው ወደ ግድግዳ ዞሮ ተቀምጧል።

«ቦቲውን ማን አስቀመጠው?»

«ማን ያስቀምጠዋል? እሱ ነው። ሁልጊዜ እዚህ ያወልቃል።»

«ከዚያ ባዶ እግሩን በጭቃ ወደ ተኩሎቹ ገባ?»

«ምን አውቃለሁ። እኔ ዝናቡ ሳይጀምር ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።»

«ዐይኑን ማን ከደነው ይመስልዎታል?»

ማማሰያው ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ መዞሩን ቀጠለ።

«እግዜር ይሆናል» አለች።

ሰርካዲስ ነጠላዋን አየች። ሸዋነሽ ነጠላውን አጣፍታ፣ ጥለቱን ወደ ታች አውርዳ በብብቷ ስር ወሽቃዋለች። ገበያ እንደምትሄድ ሴት።

*

ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። አምስቱ ጠመንጃዎች ወደ አጥሩ ዞረዋል። ታፈሰ ሽቦውን በደህና እጁ ይዞ፣ «መጀመሪያ እኔን» ይላል ደጋግሞ። ሀይደር ቅንድቡን በጨርቅ አስሯል። ፋና ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሸዋነሽ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ጊዜሽ አልቋል» አለ ኮማንደር ጌታሁን።

«ለመናገር ይበቃኛል።» ሰርካዲስ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሰዎች ለመስማት ሲሉ ዝም አሉ። «ዶክተር ይሄይስ አጥሩ ውስጥ አልሞተም። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፤ ሸሚዙ ግን ከላይ ደረቅ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የተጋደመው። ውስጠኛው በር በውጭ በኩል ተቀርቅሮ ተገኝቷል። ሙት ከውስጥ ሆኖ በውጭ አይቀረቅርም። ያስገባው ሰው ሲወጣ እጁ እንደለመደው ዘጋው። እዚህ የሚሠራ እጅ ነው።»

«እንግዲያው ከአራቱ አንዱ ነው» አለ ፈንታው።

«ከአራቱ አንዱ። አሁን ሬሳውን ልንገራችሁ። እንስሳቱ ሲያገኙት ደሙ ቆሞ ነበር፤ የጥርሳቸው ቀዳዳ ነጭ ነው። የገደለው ከኋላ ደጋግሞ ያረፈበት ድቡልቡል እንጨት ነው። ማብሰያው ውስጥ ሙቀጫ አለ፣ ዘነዘናው የለም። ዘነዘናው ምድጃ ውስጥ ነው፤ እጀታው አልነደደም። ፈንታው ውሃ አፍስሶ አውጥቶታል።»

ፈንታው በላስቲክ የጠቀለለውን እንጨት ወለሉ ላይ አኖረ። ፋና አፏን ያዘች።

«እስከዚህ ድረስ ማንም ሊሆን ይችላል። ገዳዩ ግን አንድ ነገር አደረገ። ቦቲውን አወለቀ። አውራ ጣቶቹን አንድ ላይ አሰረ። እጆቹን አነባብሮ እነሱንም አሰረ። አገጩን አሰረ። ዐይኑን ከደነ። ሬሳው እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጠ። በኋላ ተኩላ እንደማይገንዝ ትዝ ሲለው ማሰሪያውን ሁሉ ፈታ፤ የሰንበሩን ምልክት ግን መፍታት አይቻልም። የተከደነ ዐይንም ተመልሶ አይገለጥም።»

ሀይደር በለሆሳስ «ያ አላህ» አለ።

«አንተ ብትሆን እጁን በጎኑ ትዘረጋለህ። አቶ ታፈሰ በአንድ እጅ አውራ ጣት አያስሩም። ፋና ሬሳ አጠገብ ቆማም አታውቅ። ይህ ብዙ ሙት የገነዘ እጅ ነው። በጥፍሩ ስር የቀረው ክር ደግሞ የሲባጎ አይደለም። ወይን ጠጅ ነው፣ የጥለት ክር።»

ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ሐዘን ላይ ነን። ፋና እንኳ፣ ወግ የማታውቀው ልጅ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ለሠፈሩ ለቅሶ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት። ያዘቅዝቁ።»

ከአጥሩ ውስጥ አንዷ ድቅል ረዥም፣ ቀጭን ድምፅ አወጣች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ሸዋነሽ ያንን ጩኸት እስኪያልቅ ሰማች። ከዚያ ነጠላውን ከብብቷ ስር ስባ አወጣችና ጥለቱን ወደ ትከሻዋ አወጣችው። ወይን ጠጁ ጥለት በአንድ ወገን ተተርትሮ፣ ነጩ ጨርቅ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ…» አለች ፋና። «እኛ የገዛንልሽ ነው።»

«እሱ የመረጠው ነው» አለች ሸዋነሽ። «ተቀመጪ አለኝ። ለማግስቱ አጥንት እየወቀጥኩ ነበር። መድኃኒቱ ሞቆ እንደነበር፣ እያወቀ ልጄን ‹አትሂጂ› እንዳላት ነገረኝ። ሲነግረኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው፤ ፊቴን ማየት አቅቶት። ‹ይቅር በዪኝ› አለ። የልጄ አፍ ነው የታየኝ፤ አልጋ ላይ አስረናት ምላሷን ስታኝክ። አነሣሁት። አንድ ጊዜ ሲወድቅ ‹ሸዋነሽ› አለኝ። እንደገና መታሁት። ስሜን እስኪተው መታሁት።»

ታፈሰ ሽቦውን ለቀቀ።

«ከዚያስ?» አለች ሰርካዲስ።

«ከዚያ ዐይኑ ተገልጦ አየኝ። እንዴት እንዲያ ልተወው? ስንቱን ገንዣለሁ፤ እጄ ራሱ ሄደ። ክር አልነበረኝም፣ ነጠላዬን ተረተርኩ። አገጩን በሻሼ አሰርኩ። ሌሊቱን አብሬው ተቀመጥኩ። አለቀስኩለትም፤ ብታምኚም ባታምኚም።» ወደ አጥሩ ተመለከተች። «ሲነጋ ግን አሰብኩ። ልጄን የገደላት የእነሱ ወገን ነው፣ የሸሸጋቸው እሱ ነው። አብረው ይሂዱ አልኩ። ከጋሪው ሳወርደው ደመና መጥታ እጄን ላሰችኝ። ገንፎዬን ለምዳ። ያኔ መልሼ ላወጣው ነበር፤ አቅም አጣሁ።»

እጇን አጣምራ ለፈንታው ዘረጋችለት። ካቴናው ሲዘጋ ከውጭ አንድ ሰው «ተኩሎቹስ?» ብሎ ጮኸ። ኮማንደር ጌታሁን ለረዥም ጊዜ አጥሩን ካየ በኋላ እጁን ዝቅ አደረገ። አምስቱ ጠመንጃዎች ወደ ምድር ዞሩ።

ሀይደር ወደ ዳሱ ገብቶ ድስቱን አወረደ። «ያርራል» አለ ለማንም ሳይሆን። ፋና ባልዲ አቀበለችው። ታፈሰ የውጭውን በር ከፈተ፣ ገቡ፣ ቀረቀረ፤ ከዚያ ነው የውስጡን የከፈተው።

ክትባቱን በሚቀጥለው ቀን ፋና ራሷ፣ ከዞኑ ከመጣ ሐኪም ጋር ሆና ሰጠች። ሸዋነሽ አሥራ ስድስት ዓመት ተፈረደባት። መጠለያው ለስድስት ወር ተዘግቶ ክትትል ተደረገበት፤ በስድስቱም ወር ከአሥሩ ድቅሎች አንድም አልታመመም። አዲስ አበባ ለምርመራ የተላከው የደመና ጭንቅላት ውጤትም መጣ፤ በሽታው አልነበረባትም።